ልጆቻችንን መዝኑልን፦ ለትምህርት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የትምህርት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ክቡራን ኃላፊዎች፤
ጅማ

ጉዳዩ፦ በቤታቸው የሚማሩ ልጆች የምደባ ፈተና እንዲሰጣቸውና በመዝገብ እንዲያዙ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን።

በዚህ ክረምት ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ የመጡ ወላጆች «ከትምህርት ቤት ካርድ የሌለው ልጅ ከ1ኛ ክፍል ይጀምራል፤ የምደባ ፈተና የሚባል ነገር የለም» ተብለው ተመልሰዋል። መልሱ የተሰጠው በቃል ነው። በጽሑፍ ይሰጠን ብለን ብንጠይቅ አልተሰጠንም፤ የትኛው መመሪያ ላይ እንደሰፈረም የነገረን የለም። ስለዚህ እኛ በሂርማታ፣ በቦሳ ኪቶ፣ በጊንጆና በጅሬን ልጆቻችንን በቤት የምናስተምር ወላጆች፣ ከእኛ ጋር ከሚሠሩ መምህራን ጋር ሆነን ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልን። ማንም ልጅ ሳይፈተን ይለፍ አላልንም። ልጆቻችን ይፈተኑ ነው ያልነው።

ልጅ ቤት የሚማርበት ምክንያት ብዙ ነው። አስም ያለበት አለ፤ በክረምት ጭቃ ዳገት መውጣት የማይችል አካል ጉዳተኛ አለ፤ ንግግሩ የዘገየና 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ድምፁ የማይሰማ አለ። ከሌላ ክልል መጥቶ የማስተማሪያው ቋንቋ የከበደው አለ። ወላጆቹ አስበውበት፣ መርጠው ቤት ያስቀመጡትም አለ፤ ይህንንም አንደብቅም። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ልጁ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚታወቀው ሲመዘን ብቻ ነው።

ያጋጠሙንን ጉዳዮች እናስረዳ።

የመጀመሪያዋ የ10 ዓመት ልጅ ናት። አማርኛ አቀላጥፋ ታነባለች፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ትጽፋለች፤ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በባለ ሁለት አሃዝ ታባዛለች፤ ከሁለት ክፍልፋዮች የቱ እንደሚበልጥ ለይታ ምክንያቱን ትናገራለች። 1ኛ ክፍል ግቢ ተባለች። 1ኛ ክፍል በ10 ዓመቷ የጀመረች ልጅ የ8ኛ ክፍልን ፈተና ስትወስድ 17 ወይም 18 ዓመት ይሞላታል። ከእኩዮቿ በቁመት በልጣ፣ የምታውቀውን ፊደል ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር እየደገመች የምትቀመጥ ልጅ ምን እንደምትሆን መምህራን ሁሉ ያውቁታል። በመጀመሪያው ወር ትሰለቻለች፤ በሁለተኛው ጠመኔ አቀባይና አለቃ ትሆናለች፤ ከዚያ መቅረት ትጀምራለች። ሴት ልጅ ደግሞ አንዴ ከቀረች ወደ ክፍል የሚመልሳት ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የተዘጋጀ ልጅ ነው። ተፈታኝ የሚመዘገበው በትምህርት ቤቱ በኩል፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ቀርቦ ነው። ሮስተር የለውምና መመዝገቢያ አጣ። ያዘኑለት መስሏቸው «ስሙን ሮስተር ውስጥ እናስገባው፤ ዓመቱን ሙሉ እንደተማረ ይያዝለት» ያሏቸውም ነበሩ። ወላጆቹ እምቢ አሉ። እባካችሁ ይህን አጢኑልን፦ እውነቱን ይዞ የመጣ ቤተሰብ በሩ ሲዘጋበት በሐሰት የመጣው ሊገባ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አሠራር ለእናንተም መዝገብ አይበጅም።

ሦስተኛው እግሮቹ የማይታዘዙለት የጅሬን ልጅ ነው። የሐኪም ማስረጃ አምጡ ተባለ፤ ቀረበ። ከዚያ በኋላ «ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለንም» ተባለና ማስረጃው ተመለሰ። ፋይል አልተከፈተም፤ ጠይቆ እንደነበር የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለም።

የመጽሐፉን ነገር በአጭሩ እንለፈው። የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ የሚታደለው በትምህርት ቤት በኩል ስለሆነ ቤተሰቦች የሚጠቀሙት ፎቶ ኮፒ ነው፤ የመምህሩ መምሪያ ደግሞ ጨርሶ አይገኝም። ዝቅተኛው የመማር ብቃት ተዘርዝሮ የሚገኘው በመርሐ ትምህርቱና በመምህሩ መምሪያ ስለሆነ ከመጽሐፉ ይልቅ የሚቸግረን እሱ ነው።

ጽሕፈት ቤት በቀረብን ቁጥር «ለመሆኑ እቤት ምን ይማራሉ? በምን ሥርዓተ ትምህርት?» እንባላለን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን መልሱን ተቀምጦ የሰማን ስለሌለ እዚህ በዝርዝር እንጽፈዋለን። ስታነቡት ስህተት ካገኛችሁበት ንገሩን፤ እናርማለን።

መነሻችን የመንግሥት መርሐ ትምህርት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው አደረጃጀት ከ1ኛ እስከ 6ኛ የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የእኛም ዕቅድ በዚሁ ይከፈላል። ለያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የመማር ብቃቶቹን አንድ በአንድ በደብተር እንገለብጥና ከጎናቸው ሦስት ዓምድ እናሰምራለን፦ አልጀመረም፣ እየተለማመደ ነው፣ ብቻውን ይሠራል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ምልክት የሚደረገው ልጁ ያለ እርዳታ ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሲሠራው ነው። ዛሬ ተምሮ ዛሬ የመለሰው አይቆጠርለትም፤ በማግስቱ ሊረሳው ይችላልና።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ወደ 40 ሳምንት አለ። ዕቅድ የምንሞላው ግን 36ቱን ነው። ስምንት ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ለያንዳንዱ ምዕራፍ 4 ሳምንት ተሰጥቶት በ32 ሳምንት ያልቃል፤ 4 ሳምንት ለክለሳ ይሄዳል። የቀረው 4 ሳምንት ባዶ ይተዋል። ባዶውን የሚሞላው ሕመም፣ በዓል፣ ለቅሶና ሠርግ ነው። አዲስ የሚጀምሩ ቤተሰቦች ዕቅዳቸው ኅዳር ላይ የሚፈርሰው አርባውንም ሳምንት ሞልተው ስለሚጀምሩ ነው። አንድ ሳምንት ሲያመልጣቸው ለማካካስ ይሮጣሉ፤ ሲሮጡ ልጁ ይቀራል፤ ጥር ላይ ሁሉንም ይተዉታል።

የቀኑ ሰዓትም እንደ ዕድሜው ነው። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል 20 ደቂቃ የሚፈጅ አምስት ክፍለ ጊዜ፣ በየመካከሉ 10 ደቂቃ ዕረፍት፤ በድምሩ ሁለት ሰዓት ከ20። ከ3ኛ እስከ 6ኛ 30 ደቂቃ የሚፈጅ ስድስት ክፍለ ጊዜ። ለ7ኛና ለ8ኛ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ስድስት፣ በዚያ ላይ አንድ ሰዓት ለብቻ የማንበቢያ። «ሁለት ሰዓት ብቻ?» የሚለን ሰው አለ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 60 ልጆች ፊት የቆመ መምህር ጊዜውን እኩል ቢያካፍል ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም። ሆኖም ቤት ውስጥ ያለችዋ 20 ደቂቃ ምን ያህል እንደምትሠራ ያሳያል።

ዕድሜያቸው የሚለያይ ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት ንባብና ሒሳብ ለየብቻ ነው፤ የአካባቢ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብና ሥነ ጥበብ ግን በአንድ ላይ። ትልቁ ይጽፋል፤ መካከለኛው ሥዕሉ ላይ ስም ይለጥፋል፤ ትንሹ በቃሉ ይናገራል። ይህን ያልለዩ ወላጆች በቀን አሥራ ሁለት ትምህርት ሊያዘጋጁ ይሞክራሉ፤ ሁለት ሳምንትም አይዘልቁም።

ስለ ፊደል ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ብዙ ልጅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። 33 ፊደላት በሰባት ሆሄ 231 ይሆናሉ። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ እስከ ፐ በዜማ ስለወረደ ያወቀው ይመስለናል። መካከል ላይ ጣት አሳርፋችሁ «ይህ ማነው?» ብትሉት ግን ከሀ ተነሥቶ እየቆጠረ ካልመጣ አይነግራችሁም። ያጠናው ዜማውን ነው። እኛ ገበታውን ቀደን እንጀምራለን። በሁለት ሳምንት የበ፣ የለ፣ የመ እና የነ ቤቶች፤ በእነዚህ አራት ብቻ ላም፣ ቡና፣ ሎሚ፣ ልብ ይነበባል። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቤት እየጨመርን፣ በየአራተኛው ሳምንት አዲስ ሳንጨምር እየከለስን፣ እስከ የካቲት እናደርሳለን። ካዕብ ከጎኑ፣ ሣልስ ከእግሩ ሥር ጭረት እንደሚጨምር፣ ኃምስ ቀለበት እንደሚያበጅ ልጁ ራሱ እንዲያገኘው እናደርጋለን። ሳድስና ሳብዕ ግን ወጥ አካሄድ የላቸውም፤ እንደ ረ እና ፈ ያሉትም ከመንገዱ ይወጣሉ። እነዚህ በካርቶን እየተጻፉ ለብቻቸው ይለማመዷቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ የሚለዩት በጽሕፈት ነው እንጂ በድምፅ ስላልሆነ በመጀመሪያው ዓመት ልጁ በእነሱ አይቀጣም።

አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ በአንድ ላይ ሲጀመሩ ሌላ ችግር ይመጣል። ፊደላቱ አንድ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ይለያያል። በእንግሊዝኛ «ሲ» የምንለው ፊደል በቁቤ «ጭ» ነው፤ «ኤክስ» የምንለው «ጥ» ነው፤ «ኪው» የምንለው «ቅ» ነው። አናባቢ ሲደጋገም ድምፁ ይረዝማል፤ ተነባቢ ሲደጋገም ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድ ወር የጀመረ ልጅ ሁለቱንም ያደባልቃል፤ ስህተቱም እስከ 4ኛ ክፍል ይከተለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝኛ በአፍ ብቻ ነው፦ ትእዛዝ፣ ሰላምታ፣ የዕቃ ስም፣ መዝሙር። የእንግሊዝኛ ንባብ የሚጀመረው ቁቤ ከጸና በኋላ ነው።

ንባብ የሚለካው እንዲህ ነው። ልጁ አይቶት የማያውቅ 60 ቃል ያህል ያለው ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ በ1 ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጠራል፤ ከዚያ ከጽሑፉ አምስት ጥያቄ ይጠየቃል። ቁጥሩ ከነቀኑ ይጻፋል። ፈጥኖ አንብቦ አምስቱንም የሳተ ልጅ አንባቢ ተብሎ አይመዘገብም።

ሒሳብና ሳይንስ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ አንድ ምሳሌ እናሳያችሁ። ጅማ ነንና በቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት 6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ይመዘንና በወንፊት ሽቦ አልጋ ላይ በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይሰጣል። ልጁ በቀን አራት አምስት ጊዜ ያገላብጠዋል፤ ማታ ይሸፍነዋል፤ በየቀኑ 9 ሰዓት ላይ መዝኖ ይጽፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ቶሎ ይወርዳል፤ ቀስ በቀስ መውረዱ ይዘገያል፤ ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲመጣ ደርቋል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ከ2 ኪሎ ብዙ አይርቅም፤ ተወቅጦ ሲበጠር የሚገኘው ንጹሕ ቡና 1 ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚህ ምጣኔ፣ መቶኛ፣ አማካይና ግራፍ ይወጣል፤ ስለ ትነትና ስለ ሻጋታ ይማርበታል፤ ያየውን በአፋን ኦሮሞ አምስት ዓረፍተ ነገር፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ይጽፋል።

የሚበላሸውም ይታወቃል። ጠዋት ጤዛ ሳይለቀው የተመዘነ ቡና ከትናንትናው ይከብዳል፤ ግራፉም ወደ ላይ ይዘልላል። ወፍራም ሆኖ የተሰጣ ከሥር ይሞቅና ይሻግታል። የሳህኑ ክብደት አንድ ቀን ተቀንሶ አንድ ቀን ሳይቀነስ ይቀራል። እነዚህ ስህተቶች ሲፈጠሩ አንሰርዛቸውም፤ ልጁ ምክንያቱን ከጎኑ ይጽፋል። የተዝረከረከ ግን እውነተኛ ሠንጠረዥ ከልጅ የመጣ ነው። ምንም ጉድለት የሌለበት ካየን ግን የጻፈው ወላጅ እንዳይሆን እንጠይቃለን።

ሌላውን በአጭሩ፦ ለአሲድና ለቤዝ ከርከዴ ይፈላል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ የአመድ ውኃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ለኤሌክትሪክ ሁለት 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖል ይበቃል። ለፍጥነት የአዌቱ ወንዝ ዳር 10 ሜትር ተለክቶ ቅጠል ይለቀቃል፤ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል፤ ከልጆቹ ጋር ትልቅ ሰው ሳይኖር አይሞከርም። ለታሪክ በጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር እስከ 1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነግሠዋል፤ ልጁ ያንን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ በጊዜ መስመር ላይ ያስቀምጣል። ቦዬ ረግረግም ለሥነ ሕይወት ትምህርት ሩቅ አይደለም።

ማስረጃ አያያዛችን ይህን ይመስላል። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ማኅደር አለ። በየወሩ መጨረሻ አራት ወረቀት ይገባበታል፦ አንድ የቃል ጽሕፈት፣ አንድ ገጽ ሒሳብ፣ አንድ በራሱ የጻፈው ድርሰት፣ አንድ የንባብ መለኪያ። ቀን ይጻፍባቸዋል፤ አይገለበጡም፤ አይጠረዙም። ወላጅ የልጁን ፈተና አያርምም። ሁለት ቤተሰብ ይለዋወጣል፤ የአንዱን ልጅ ሌላው ያርማል፤ አጋዥ መምህሩ ይፈርማል። ይህን ደንብ ያወጣነው ወላጅ የራሱን ልጅ ሲያርም ሳያውቀው መልሱን በዓይኑ ስለሚነግረው ነው።

ጉድለታችንንም እንናገር። ወላጅ የማይችለውን ትምህርት ይሸሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው እንግሊዝኛን ነው፤ ልጁም ማንበብ እየቻለ መናገር ያቅተዋል። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ማይክሮስኮፕና ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ያ ቤት ውስጥ የለም። ብቻውን የሚማር ልጅ ተራ መጠበቅና በቡድን መሥራት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ልጆቹን እናሰባስባለን፤ ይህም አይበቃም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። «ቤት ነው የምትማረው» እየተባለች እንጀራ ስትጋግርና ሕፃን ስታዝል የምትውል ልጅ መኖሯን እናውቃለን። ለጋብቻ የምትጠበቅም አለች። ይህ እንደሚያሳስባችሁ እንገምታለን፤ እኛንም ያሳስበናል። አሁን ባለው አሠራር ግን ያችን ልጅና ማኅደሯ የሞላውን ልጅ የምትለዩበት መንገድ የላችሁም። ሁለቱም ካርድ የላቸውም፤ ሁለቱም በመዝገብ የሉም። መዝገብ ቢከፈት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ምዘና ቢኖር፣ አንዱ ቤት ባዶ ማኅደር ይዞ ይመጣል ወይም ጭራሹን አይመጣም፤ ያኔ በሩን ታንኳኳላችሁ። ቁጥጥሩ ይምጣብን የምንለው ለዚህ ነው።

ከትምህርት ቤት ቅጥር ውጭ የተማረን ልጅ መመዘን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለው በሦስት ዓመት ተጨምቆ ይሰጣል፤ የጨረሱት ወደ 5ኛ ክፍል ይገባሉ። የማታና የርቀት ትምህርት አለ፤ በግል ተመዝግቦ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የሚወስድ አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቤት ድረስ መጥቷል፤ ያኔ ወላጅ ሁሉ አስተማሪ ሁን ተብሏል። ከዚያም በፊት ልጅ በቄስ ፊት ዳዊት ደግሞ፣ በመድረሳ በሉህ ላይ ጽፎ ማንበብ የተማረባት አገር ናት።

ሕጉም በር አልዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13 ንዑስ 3፣ መንግሥት የሚያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት እስከተሟላ ድረስ ወላጆች መንግሥት ካቋቋማቸው ውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶችን የመምረጥ ነጻነት እንዳላቸው ይገልጻል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንቀጹ ስለ ቤት ትምህርት በስም እንደማይናገር እናውቃለን። ሆኖም መንገዱ ዝቅተኛ መስፈርት ማውጣትና በዚያ መመዘን መሆኑን ያሳያል፤ የጠየቅነውም ይህንኑ ነው።

ካርድ የዕውቀት ዋስትና ነው ለሚለን ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ በመደበኛ ትምህርት ቤት ካርድ እየያዙ ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወሩ ልጆች ናቸው። ይህን ያነሣነው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእኛ መካከልም መምህራን አሉ። ካርድ ያለውም የሌለውም እኩል መመዘን እንዳለበት ለማስረዳት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እንጠይቃለን።

1ኛ፦ «ከ1ኛ ክፍል ይጀምሩ» የሚለው ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከተመሠረተበት መመሪያ ጋር ይሰጠን፤ መመሪያ ከሌለውም ይነሣ።

2ኛ፦ የምደባ ፈተና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በነሐሴ መጨረሻና በጥር የሴሚስተር ዕረፍት ይሰጥ። ፈተናው በቋንቋና በሒሳብ የጽሑፍ፣ በንባብ ደግሞ የቃል ይሁን። ለመስማት፣ ለማየት ወይም ለመጻፍ የሚቸገር ልጅ ተጨማሪ ጊዜና የሚረዳው ሰው ይመደብለት። አዘጋጁም አራሚውም የእናንተ መምህራን ይሁኑ፤ እኛ ከደጅ እንጠብቃለን።

3ኛ፦ በቤት ለሚማሩ ልጆች መዝገብ ይከፈት። የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የማስተማሪያ ቋንቋ፣ የሚያስተምረው ሰው የትምህርት ደረጃና ያለፈው ምዘና ውጤት ከሰፈረበት ይበቃል፤ ቅጹ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ንድፉን አዘጋጅተን ልናቀርብ ዝግጁ ነን።

4ኛ፦ በተከታታይ ሁለት ዓመት ምዘናውን ያለፈ ልጅ የ8ኛ ክፍል ፈተናን በአንድ በተመደበ ትምህርት ቤት በኩል ተመዝግቦ እንዲወስድ ይፈቀድ። ይህ ከእናንተ ሥልጣን በላይ ከሆነ ለሚመለከተው የበላይ አካል በደብዳቤ አስተላልፋችሁ ግልባጩን ስጡን።

5ኛ፦ መርሐ ትምህርቱንና የመምህሩን መምሪያ ከጽሕፈት ቤት ገልብጠን እንድንወስድ ይፈቀድልን፤ የማባዣውን ወጪ እኛው እንችላለን። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት ልጆች ቅዳሜ ጠዋት፣ በወር ሁለት ጊዜ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ይከፈትልን።

6ኛ፦ ከላይ የጠቀስናቸው የሦስቱ ልጆች ጉዳይ ዘንድሮ ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት ይታይ። ማኅደሮቻቸው ተዘጋጅተዋል፤ በጠራችሁን ቀን ልጆቹን ይዘን እንቀርባለን።

መልሱ በጽሑፍ እንዲደርሰን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፤

በጅማ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
አጋዥ መምህራን
ነሐሴ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቶች
ለሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከታቸው ባለሙያዎች